አጎቴ ስፖንሰር ሲያፈላልጉ

አጎቴ ለቦንጋ ወጣቶች የእግር ኳስ ውድድር ስፖንሰር ሲያፈላልጉ ሱቅ ገብተው ብር አይጠይቁም ነበር። "መጀመሪያ ልጆቹን መጥታችሁ እዩ" ብለው ብቻ ይወጣሉ።

አምና ገበያው ሲቀዘቅዝ አብሬያቸው ወደ አንድ ጨርቅ ነጋዴ ሄድኩ። "ጋሼ፣ ዘንድሮ ለራሴም አልሆንኩ" አላቸው። አጎቴ አልተከራከሩም፤ ቅዳሜ ሜዳ እንዲመጣ ጋብዘውት ወጡ። ውድድሩ ስለደረሰ እኔ በንዴት ልፈነዳ ነበር። ነጋዴው ግን መጣ። አጎቴ አንድ ቃል ሳይናገሩ አጠገቡ ቆሙ። ሰውየው ዝናብ እየመታው ጨዋታውን እስከ መጨረሻው አየና፣ "ማልያውን እኔ አሰፋለሁ" አለ።

አጎቴ ካረፉ ወዲህ ሥራው በእኔ ላይ ወድቋል። ኑሮው ብሷል፤ የጠየቅኩት ሁሉ "በጀት የለም" ይለኛል፤ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ባለፈው ቅዳሜ አንድ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ለምኜ ሜዳ አመጣሁ። ስሙ ተጽፎ ሜዳው ላይ ስለሚሰቀለው ባነር፣ ስለሚያገኘው ማስታወቂያ ሳላቋርጥ አወራሁለት።

"ወንድሜ፣ እስቲ ጨዋታውን ልይ" አለኝ።

አፍሬ ዝም አልኩ። አጠገቡ መቆም ግን አልቻልኩም፤ በመስመሩ ዳር ወዲያ ወዲህ እል ጀመርኩ። ሰውየው እስካሁን መልስ አልሰጠኝም። ያን ዕለት ግን ዞር ብዬ ሳየው፣ አጎቴ ቢኖሩ በሚቆሙበት በአጠገቡ ማንም ሳይኖር ብቻውን ቆሞ ነበር።