የዘንድሮው ፖንቲያክ

ጋሼ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ካረፉ ዛሬ አርባ ቀን ሞላቸው። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ የአንድ ነጋዴ ፖንቲያክ ይነዱ ነበር፤ ያኔ ያ የአሜሪካ መኪና ሲያልፍ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያይ እንደነበር ያጫውቱን ነበር። በስደት በኖሩበት በኬንቲሽ ታውን፣ መንግሥት ወዳከራያቸው የካውንስል ቤት በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ስሄድ ጥያቄያቸው አንድ ነበር፦ «እስቲ ኢንተርኔቱን ቼክ አድርጊልኝ፤ ፖንቲያክ ዘንድሮ ምን አወጣ?»

መኪናው መመረቱ የቀረ ዓመት ጨነቀኝ። እኛ ቤት መርዶ በድንገት አይነገርም፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ተመክሮበት ነው። ስለዚህ ዋሸሁ።

«ሰማያዊ ነው ጋሼ፣ ባለ አራት በር።»

«ጎሽ!» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ አዲስ ሞዴል ፈጠርኩላቸው። አልጋ ላይ ከዋሉ በኋላ እንኳ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ቤቱን ለማስረከብ ዕቃቸውን ስናወጣ፣ መጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ የታጠፈ የጋዜጣ ቁራጭ አገኘሁ። ፖንቲያክ መቅረቱን የሚናገር፣ የዚያው ዓመት ጋዜጣ ነው። ከመጀመሪያው ያውቁ ኖሯል። መጀመሪያ ተናደድኩባቸው፤ ከዚያ ባዶው ወለል ላይ ቁጭ አልኩ።

እንቁጣጣሽ ደርሷል። የዘንድሮውን ቀይ ላደርገው አስቤ ነበር።