ሁለት ጊዜ የተቀመጠች ነጥብ

በዚህ ነገር ውስጥ ያለነው ሦስት ሰዎች ነን። አንዱ እኔ ነኝ፤ በሆስፒታል ንብረት ክፍል የምሠራ፣ ኮምፒውተርን ያለ አስተማሪ፣ ሌላው ሲነካ እያየሁ የተማርሁ ሰው። ሁለተኛው ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ደባርቅ አጠገብ ባለች የገጠር ቤተ ክርስቲያን መሪጌታ ነው፤ ያን ሰሞን ጉልበቱን ሊታከም ጎንደር መጥቶ እኛ ቤት አርፎ ነበር። ሦስተኛዋ ልጄ ናት። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ ሙዚቃ ልማር አለች። አልወደድሁላትም፤ ግን አልከለከልኋትም።

ትምህርት ቤቱ ከአመልካች የሚፈልገው ሦስት ዜማዎች በኖታ ተጽፈውና ታትመው እስከ ዓርብ አሥር ሰዓት እንዲገቡለት ነው። ወረቀቱን የሚቀበለው ቢሮ እዚሁ ከተማ ነበር። ልጄ የአጎቷን ዜማ መረጠች። እሱ ያዜማል፣ እሷ ትጽፋለች። ከኖታው አምስት መስመር በታች የግዕዙን ቃል፣ ከቃሉ በላይ ደግሞ አጎቷ ከልጅነቱ የተማራቸውን የዜማ ምልክቶች ታስቀምጣለች። ከምልክቶቹ አንዱ ይዘት ይባላል፤ አንዲት ነጥብ ናት፤ ድምፅ እዚያ ላይ ይያዛል። ነጥብ ከነጥብ ሲደረደር ግን ርክርክ ይሆናል፤ ድምፅ እየተንቀጠቀጠ ይወርዳል። እኔ ያን ጊዜ ይህን አላውቅም ነበር።

ላፕቶፑን የገዛሁት እኔ ነኝ። ያገለገለ ነው፤ ስክሪኑ ከደብተር ብዙም አይበልጥም። ዓይኔ ስለደከመ በስክሪኑ ላይ የሚታየውን ሁሉ ወደ መቶ ሃምሳ ፐርሰንት አሳድጌ፣ "ይህን ማንም እንዳይነካው" አልሁ። ለእኔ ተመቸኝ። የኖታው ፕሮግራም ግን የቆየ ስለነበር ከዚህ ጋር አልተስማማም። መስኮቶቹ ከስክሪኑ ያልፋሉ፤ "እሺ" የሚባልበት ቁልፍ ከታች ተቆርጦ ይቀራል፤ ልጄ ሳታየው በግምት ትጫነዋለች። ፊደሉ ተልቆ ሳለ ጥቃቅኑ ምልክት ይደበዝዛል፤ አንዳንዱም ጨርሶ ይጠፋል።

"አባዬ፣ ወደ መቶ ልመልሰው?" አለችኝ አንድ ቀን።

"እኔ በምን ላነበው ነው?"

"እርስዎ ለምን ያነቡታል?"

"ልመረምረው ነዋ!"

ልጆቼን ያሳደግሁት ያልተመረመረ ሥራ ከቤቴ አይወጣም እያልሁ ነው። ኖታ ማንበብ አልችልም፤ ግን ይህንን ከዚያ ጋር ማስተያየት እችላለሁ። የንብረት ክፍል ሥራም ይኸው ነው፤ መዝገቡን ይዘህ መደርደሪያውን ታያለህ። ሰኞ ልጄ ጨረስሁ ስትለኝ ወንድሜ ቃሉንና ምልክቱን በእጁ የጻፈበትን ደብተር በግራ፣ ላፕቶፑን በቀኝ አድርጌ ተቀመጥሁ።

"እዚህ ነጥብ አለ፤ ያንቺ ላይ የለም" አልኋት።

"አለ አባዬ። ስክሪኑ ነው የማያሳየው።"

"ይኸው የለም እኮ።"

"ሲታተም ይወጣል።"

"በእቃ ማሳበብን ከማን ተማርሽው?"

ጎደለ ያልሁትን ሁሉ በወረቀት ዘርዝሬ ሰጠኋት። ከነበረችው ነጥብ አጠገብ ሌላ ስትጨምር፣ ሁለቱ ተጋግዘው በስክሪኑ ላይ እንደ አንዲት ነጥብ ታዩኝ። "አየሽ፣ ሲፈልጉ ይቻላል" አልኋት። እስከ ረቡዕ እንዲህ አሠራኋት። ዝምታዋንም እንደ መታረም ቆጠርሁት።

ሐሙስ ጧት ፒያሳ ሄደን አሥራ ሁለት ገጽ አሳተምን። ወንድሜ ለደብሩ ንግሥ መድረስ ስላለበት በዚያው ቀን ሊሳፈር ቲኬት ቆርጧል። ከመሄዱ በፊት ይየው ብዬ ወረቀቱን ሰጠሁት። መነጽሩን አድርጎ ምልክቱን እየተከተለ ማዜም ጀመረ። ሁለት ቃል ሳይሄድ ድምፁ ይንቀጠቀጣል፤ ይቆምና እንደገና ይንቀጠቀጣል።

"ምነው አያ፣ አመመዎት እንዴ?"

"እኔንስ አላመመኝም፤ ዜማውን ነው። ደንቢያ ወርዶ ወባ ይዞት መጣ ወይ?" አለና ወረቀቱን ወደ ልጄ ዘረጋው። "አንቺ፣ ይህን ሁሉ ርክርክ ከየት አመጣሽው? እኔ ያልሁሽ ይዘት አልነበረም?"

"የኔታ፣ እኔስ ይዘት ነበር ያደረግሁት።"

"ታዲያ ማን ጨመረበት?"

"እኔ ነኝ ያስጨመርኋት" አልሁ።

ወንድሜ ወረቀቱን አየ፤ እኔን አየ፤ ሳቁ መጣ። "አንተ ንብረት ቆጣሪ! ዜማውንም እንደ ሆስፒታል ብርድ ልብስ ጎደለ ብለህ ሞላኸው?"

ልጄ አልሳቀችም። "ነግሬዎት ነበር እኮ አባዬ" አለችኝ ቀስ ብላ። "ማሳበብ ነው አሉኝ።"

ሰው ሲያሳብብም እውነቱን ሲናገርም ቃሉ አንድ ሊሆን ይችላል፤ የሚለየው ቀርቦ ያየ ብቻ ነው። እኔ ቀርቤ አላየሁም። ማየት የማልችለውን ልመረምር ተቀምጬ፣ ለራሴ ዓይን እንዲመች ያደረግሁት ነገር የእሷን ሥራ ሸፈነብኝ።

ወንድሜ ቲኬቱን ትቶ ቀረ። ልጄ ስክሪኑን ሳታስፈቅደኝ ወደ መቶ መለሰችው። ነጥቦቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ብቅ አሉ። ለእኔ ግን ፊደሉ ጤፍ አከለ፤ ምንም አላነብም።

"እኔስ ምን ላግዝ?" አልኋት።

"ምንም።"

በቁጣ አልነበረም የተናገረችው፤ እውነት ስለሆነ ነው። እሷ አንዷን ነጥብ ስታጠፋ አንዳንዴ ሁለቱም ይጠፋሉ፤ መልሳ ታስቀምጣለች። አጎቷ እያዜመ ያረጋግጥላታል። እኔ በር ላይ ተቀምጬ የማውቀውን ዜማ እንደ አዲስ ሰማሁ።

ሥራው ዓርብ ስምንት ሰዓት አለቀ። ማተሚያ ቤቱ ስንደርስ መብራት ጠፍቶ አንድ ሰዓት ጠበቅን። በመብራቱ ላሳብብ አልፈልግም፤ ሥራው ሰኞ ዕለት አልቆ ነበር። በባጃጅ ቢሮው ስንደርስ አሥር ሰዓት ከሩብ ሆኗል። ዘበኛው በሩን ሳይከፍት፣ "ተዘግቷል እኮ፤ ለከርሞ ነው እንግዲህ" አለን። ለመንሁት። አዝኖ ራሱን ነቀነቀ።

ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ፣ "ጥፋቱ የእኔ ነው" አልኋት።

"አውቃለሁ" አለች። ወረቀቱ እንዳይታጠፍ በሁለት እጇ ይዛው ነበር።

ለሁለት ጊዜ ኅትመት ሁለት መቶ አርባ ብር፣ ወንድሜ ላልተሳፈረበት መኪና ሦስት መቶ ሃምሳ፣ ለባጃጅ ደርሶ መልስ መቶ ስድሳ፤ በድምሩ ሰባት መቶ ሃምሳ ብር ከእኔ ኪስ ወጣ። ወንድሜን የደብሩ ንግሥ ማኅሌት አለፈው። ልጄን አንድ ዓመት።