ወንድሜ ቤቱን አስጭኖ የመጣበት መስቀል

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። ልጆቼን ብጠይቅ አንዱ እንዲህ ነው ይለኛል፣ ሌላዋ የለም እንዲያ ነው ትለኛለች፤ እኔ ደግሞ ትምህርቴ ፊደል ከመቁጠር ብዙም ስላላለፈ ዘመንን የምይዘው በሆነው ነገር ነው። መስቀል ሊገባ ጥቂት ቀን ቀርቶት እንደነበር ግን አውቃለሁ። ዛሬ ይህን ያስነሳብኝ ወልቂጤ ካለችው ቤቴ ደጃፍ ተቀምጬ ፀሐይ ስሞቅ፣ አንድ ከባድ መኪና ቁልቁለቱን ወርዶ እፊቴ ሲቆም አፍንጫዬን የመታኝ የፍሬን ሽታ ነው። የጋለ ፍሬን ሽታ ለማያውቅ ሰው ላስቲክ የተቃጠለ ይመስለዋል። እኔ ዕድሜዬን በጎሚስታነት፣ ጎማ ስፈታና ስለጥፍ የኖርኩ ነኝና አልሳሳትም። ያ ሽታ መጣና ታላቅ ወንድሜን ዘበርጋን ከነቤቱ አመጣብኝ።

የተወለድነው ቸሃ ውስጥ ነው፣ ከእምድብር በእግር ጥቂት የሚያስኬድ መንደር። በቤቶቻችን ፊት ጀፎረ አለ። ጀፎረ ለማያውቀው ሰው፣ ቤቶች ግራና ቀኝ ተሰልፈው ፊታቸውን ያዞሩበት ሰፊ የሣር ሜዳ ነው፤ ለእኛ ግን መንገዳችንም፣ የከብቶቻችን መዋያም፣ የሰርጋችንና የለቅሷችንም ቦታ ነው። ማንም አያርሰውም፣ ማንም አያጥረውም፣ ማንም ቤት አይሠራበትም። ክረምት ላይ ሣሩ ሲረጥብ እኔና ዘበርጋ ከእንሰት ግንድ ሰፊውን ልባስ ልጠን እላዩ ላይ እንቀመጥና የጀፎረውን ተዳፋት እንንሸራተት ነበር። እሱ ከፊት ሆኖ የተጣመመ እንጨት እንደ መሪ ይዞ በአፉ ሞተር ያስጮኻል፣ ምራቁም በነፋሱ ተመልሶ እኔ ፊት ላይ ያርፋል። እኔ ረዳት ነኝ፤ ሥራዬ "ወራጅ አለ!" እያሉ መጮህ ነው። እሱ ደግሞ "ወራጅ የለም!" እያለ አንድ ቀን እንኳ ሳያቆም እስከ ታች ይዞኝ ይወርዳል። ቂጣችን አረንጓዴ ይሆን ነበር። ሽማግሌዎች "እናንተ ውርጋጦች፣ ሣሩን አትላጩት!" እያሉ ዱላ ይዘው ሲወጡ፣ ከቤታችን ጓሮ እንሰት ውስጥ ገብተን በሰፋፊው ቅጠል ሥር ትንፋሻችንን ይዘን እንቀመጣለን። ዝናቡ ከላይ ቅጠሉን ይመታዋል፣ እኛን አይነካንም። ብዙ ጣራ ሥር አድሬአለሁ፣ እንደዚያ ደረቅ ሆኜ የተቀመጥኩበትን ግን አላውቅም።

ዘበርጋ ጢሙ ሳይበቅል ባሕር ዛፍ በሚጭን መኪና ላይ ወጥቶ ሄደ፤ ረዳት ሆነ፣ ከዚያ ሾፌር። መጀመሪያ መጀመሪያ ለመስቀል ስኳርና ብርድ ልብስ ይዞ ይመጣ ነበር። ኋላ ዕቃውን በሰው ይልክ ጀመር፤ ከዚያ መላኩም ቀረ። ቤት አልሠራም፣ ሚስት አላገባም፣ አንድ እግር እንሰት አልተከለም። አባታችንም እናታችንም ሲያርፉ ለቀብር አልደረሰም። የጦሯቸው፣ ያጠቧቸው፣ የቀበሯቸው የአጎታችን ልጅ ሳህሌና ሚስቱ አስካለ ናቸውና ግቢው ለእነሱ ሆነ፤ ማንም ቅር አላለውም። በእኛ ዘንድ ከተማ ላይ ፎቅ ያቆመ ሰው እንኳ ለመስቀል ሲገባ "ቤትህ ወዴት ነው?" ይባላል፤ አገር ቤት የቆመ ቤት ከሌለው መልስ የለውም። ዘበርጋ ያን ጥያቄ ፈርቶ ነው የቀረው እላለሁ፣ እሱ ግን ሥራ በዝቶብኝ ነው ይል ነበር።

እንግዲህ በስተርጅናው መንገድ የሚሠሩ የውጭ ሰዎች ዘንድ በዝዋይ በኩል ሾፌር ሆኖ ሳለ፣ አንዱ ኢንጂነር እንደ ቤት የሚኖርበትን መኪና ይነዳ ነበር። አልጋ አለው፣ የሚታጠፍ ጠረጴዛ አለው፣ የጋዝ ምድጃ አለው፣ መስኮቱ መጋረጃ አለው። መንገዱ አልቆ ሰዎቹ ወደ አገራቸው ሲመለሱ መኪናውን ለዘበርጋ ትተውለት ሄዱ። ያን ቀን ደወለልኝ። ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆኖ ነበር።

"ቤት አለኝ፣ ሰማህ? ዘንድሮ ለመስቀል ከነቤቴ ነው የምገባው። ሁለተኛ አልወጣም። የቀረችኝን ዕድሜ ጀፎረው ላይ ፀሐይ እየሞቅኩ እጨርሳታለሁ።"

ቡታጅራ ሲደርስ መኪናው ቀጥ አለ። መካኒኮቹ ሞተሩን ከፍተው አይተው "አባባ፣ ይሄ አልቆለታል፤ እዚሁ ለብረቱ ይሽጡት" አሉት። ዘበርጋ እኔን ጠራኝ። ስደርስ ጋራዡ ግቢ ውስጥ የመኪናውን በር ከፍቶ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ጢሙን ይላጫል። ሳመኝና "ግባ፣ ግን እግርህን ጥረግ" አለኝ። ውስጡን እንደ ሙሽራ ቤት አጽድቶት ነበር። ሞተሩ መሞቱ ያሳሰበው አይመስልም፤ "ቤት ሞተር ምን ያደርግለታል?" አለኝ። ይህ አባባሉ ምን እንደሚያመጣበት ያኔ አንዳችንም አላሰብንም።

ዶዘር የሚጭን ዝቅ ያለ ተሳቢ፣ ሎቤድ የሚሉት ያለው አንድ የመስቃን ሰው አገኘን። ቀጭን፣ ሳቁ ጥቂት፣ ጢሙን በሂና ያቀላ ሾፌር ነው። መኪናውን ሁለቴ ዞሮ፣ ቁመቱን በዓይኑ ለክቶ "በተራራው አቋርጬ አልወጣም፣ ወላሂ። ዞረን በአለም ገና፣ በወሊሶ እንሂድ፤ ይረዝማል ግን እንገባለን ኢንሻ አላህ" አለ። ስለዚህ ከቡታጅራ ቸሃ ለመድረስ አገር ዞርን። ዘበርጋ ጋቢና አልገባም አለ፤ ሎቤዱ ላይ በተጫነው ቤቱ ውስጥ፣ መጋረጃውን ገልጦ አልጋው ላይ ተቀምጦ ነው የሄደው። የመብራት ሽቦ ዝቅ ባለበት ሁሉ እኔ እወርድና በረጅም እንጨት ከፍ አደርጋለሁ፤ እሱ ከመስኮቱ "ቀስ! ጣራዬን!" ይለኛል። ቱሉ ቦሎ ላይ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመን።

"ምንድን ነው የጫናችሁት?"

"ቤት" አለ ሾፌሩ።

"ባለቤቱስ?"

"ቤቱ ነዋ፣ የት ይሆናል?"

ፖሊሱ ቀና ብሎ ሲያይ ዘበርጋ በመስኮት እጁን አውለበለበለት። "አባባ፣ ይውረዱ! ጭነት ላይ ሰው አይቀመጥም!" ቢለው፣ "ከገዛ ቤቴ ማን ነው የሚያስወርደኝ?" ብሎ መጋረጃውን ዘጋበት። ብዙ ለምነን ጋቢና አስገባነው፤ ከተማውን እንዳለፍን ግን ተመልሶ ወጣ። ያን ዕለት የሳቅኩትን ሳቅ ከዚያ ወዲህ አልሳቅኩም።

ጉብሬ ላይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በስልካቸው ፎቶ አነሱን። እምድብር ገበያተኛው መንገድ ለቆ እልል አለልን። መንደራችን ስንደርስ ከአዲስ አበባም ከሌላውም ለበዓሉ የገባው ሰው ሁሉ ወጥቶ፣ ጎረምሳው ገመድ ይዞ፣ ግንድ አነጣጥፎ፣ እየዘፈነ ቤቱን ከሎቤዱ ላይ ስቦ ጀፎረው ላይ አወረደው። ዘበርጋ ለመጣው ሁሉ በሩን እየከፈተ "ግቡ፣ እግር ጥረጉ" ይላል። የዚያን ቀን ቤት ያለው ሰው ነበር።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ መጡ። የሁሉም ታላቅ አባባ ፉርጋሳ በዱላቸው ተደግፈው ገቡ፣ አልጋው ላይ ተቀመጡ፣ ተነሡ፣ አንዲት ጠባብ በር ከፈቱ።

"ይህ ምንድን ነው?"

"ሽንት ቤት ነው አባባ።"

"ከራስጌው? ፈረንጅ ይህን ያህል ሰነፍ ነው?"

ደጅ የቆመው ሰው በሳቅ ፈረሰ፤ ዘበርጋም ሳቀ። አባባ ፉርጋሳ ግን አልሳቁም። ወጥተው ሣሩ ላይ ተቀመጡና "ዘበርጋ ልጄ፣ ይህ ነገር ይሄዳል?" አሉት።

"ለጊዜው ቆሟል አባባ።"

"ከሄደ መኪና ነው፤ መኪና እንግዳ ነው፣ ጀፎረ ላይ አድሮ ይሄዳል። ካልሄደ ግን ቤት ነው። ጀፎረ ላይ ቤት ቆሞ አያውቅም።"

"ኧረ አባባ፣ ጎማ አለው እኮ!"

"የበዓሉ በሬም እግር ነበረው፤ ትናንት ካረድነው ወዲያ አንድ እርምጃ ሄደ?"

ዘበርጋ አጠገባቸው ሣሩ ላይ ተቀመጠ። "እዚሁ ነው እኮ የተወለድኩት" አለ ቀስ ብሎ።

"አልተወለድክም ያለህ የለም። ግን ዛሬ ላንተ ብንፈቅድ ነገ አዲስ አበባ ያለው ሁሉ የተሰበረ አውቶቡስ እየጎተተ ይመጣብናል። በዓሉ እስኪወጣ ይቁምልህ። ከዚያ ወይ በሞተሩ ይነሣ፣ ወይ ግቢ ይግባ።"

ግቢ የተባለው የአባታችን፣ ማለትም የሳህሌ ግቢ ነው። ፊት ለፊቱ ቢቆም የሳህሌን ቤት ይጋርደዋል፤ ጓሮ ለማስገባት ደግሞ እንሰቱ መቆረጥ አለበት። ሳህሌ "ወንድሜ፣ የእንሰቱ ነገር የእኔ አይደለም፤ አስካለን ጠይቃት" አለው። እውነቱን ነው፤ በአገራችን እንሰት የሴት ነው፣ ወንድ አያዝበትም። አብረን ሄድን። አስካለ ለበዓሉ ያወጣችውን ቆጮ ስትጨምቅ አገኘናት። እጇን ሳትጠርግ ሰማችው።

"ጋሼ ዘበርጋ፣ ያስቀየምኩዎት ነገር አለ? ይህን ዘር እናታችሁ በእጃቸው ናቸው የተከሉት፤ ችግኝ እያፈላሁ እዚህ አደረስኩት። እርስዎ በጠፉበት ዘመን ሁሉ እሳቸውን ያበላቸው ይህ ነው። ለሚበላ ሰው እቆርጣለሁ። ለጎማ አልቆርጥም።"

ዘበርጋ ቀና ብሎ ቅጠሉን አየ። ልጆች ሳለን የምንሸሸግበት ቦታ ነበር። "ልክ ነሽ" ብሏት ወጣ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ለሌላው ሰው መስቀል ነበሩ። ከእምድብር መካኒክ አስመጥቶ ሞተሩን አስነካው፤ ሰውየው እጁን በጨርቅ ጠርጎ ራሱን ነቅንቆ ሄደ። ዘበርጋ በየቤቱ ለክትፎ ይጠራል፣ ከፍ ያለ ቦታ ይሰጠዋል፣ በትልቁ ጣባ ይቀርብለታል። ለእንግዳ ነው እንዲህ የሚደረገው። እሱም ያውቀዋል። አንድ ቤት ላይ አንዴ ብቻ ጎርሶ እጁን ሲታጠብ አይቼ አቀረቀርኩ።

በዓሉ ወጣ፣ ሰውም ተበተነ፣ ሾፌሩን ከቡታጅራ ጠራነው። ምን ሆናችሁ ብሎ አልጠየቀም። የቀሩት ወንዶች ያንኑ ገመድ ይዘው፣ ያንኑ ግንድ አነጣጥፈው ቤቱን መልሰው ጫኑ፤ አንድም ሰው አልዘፈነም። ጎማው የቆመበት ሣር ቢጫ ሆኖ ቀርቶ ነበር፣ ሴቶቹ ወዲያው ውኃ አፈሰሱበት። ልንነሣ ስንል ሾፌሩ ትልቅ ሸራ አውጥቶ ቤቱን ከላይ እስከ ታች አለበሰው፣ በገመድም አሰረው። "ዝናብ የለም እኮ" አልኩት። ቋጠሮውን አጥብቆ ወደ ጋቢናው ወጣ። እምድብርን ስናልፍ ነው የገባኝ፤ ባለፈው እልል ያለልን ገበያተኛ እህል የጫነ መኪና መስሎት ቀና ብሎ እንኳ ሳያየን አለፍን። ዘበርጋ ጋቢና በመካከላችን ተቀምጦ ነበር። በሕይወቱ ሙሉ መሪ ይዞ የኖረ ሰው እጆቹን የት እንደሚያኖራቸው አጥቶ ነበር።

ጉብሬ መንገድ ዳር የማውቀው ሰው ቦታ ላይ ቤቱን አወረድነው። ዘበርጋ በዚያ መስኮት ለተማሪዎች ሻይ እየሸጠ ጥቂት ዓመታት ኖረ። "ፋዘር፣ አንድ ቀጭን!" ይሉታል፣ ይስቅላቸዋል። አገር ቤት በሚኒባስ ጥቂት መንገድ ነው፣ እሱ ግን አልሄደም። የመስቀል ዕለት መጋረጃውን ዘግቶ ይውላል።

እዚያው አልጋው ላይ አረፈ። ሬሳውን ወደ መንደር ወሰድነው፣ የእኛ ሰው ሌላ ቦታ አይቀበርምና። አገሩ ሁሉ ወጣ፤ ጀፎረው ላይ ተለቀሰለት፣ መቃብሩ በግማሽ ቀን ተቆፈረ፣ የሚቆም ነው የሚሄድ ነው ብሎ የጠየቀ የለም። ለሬሳው ቦታ አላነሰም። ጀፎረው ዛሬም እንደ ልጅነታችን ለምለም ነው፤ እንዲህ የቆየው አባባ ፉርጋሳን የመሰሉ ሰዎች እምቢ ስላሉ ነው። አስካለም ልክ ነበረች። ሁሉም ልክ ነበሩ፤ የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው። የምወቅሰው ሰው ባገኝ ይቀለኝ ነበር። ወንድሜን አጣሁ፤ ከእሱም ጋር መስቀል ሲመጣ ልቤን ደስ ያሰኝ የነበረውን ነገር አጣሁ። አሁን ለልጆቼ ብዬ እሄዳለሁ፣ በልቼ እመለሳለሁ።

በእኛ ልማድ ለቅሶው መሃል የሟች ሥራ ይነገራል፤ ምን ቤት አቆመ፣ ምን ተከለ፣ ምን ትቶ ሄደ ይባላል። የቅርብ ዘመድ ነው የሚናገረው። ተራዬ ደርሶ ተነሥቼ ቆምኩ፣ የምለው ግን አልነበረኝም። ቤት አቆመ እንዳልል አልቆመለትም፣ ተከለ እንዳልል አልተከለም። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ይጠብቀኛል። አንድ እጅ ክንዴን ያዘኝና ከጎኔ አንድ ሰው ተናገረ፤ ቋንቋው የእኛ አይደለም፣ አማርኛ ነው። "እኔ የሩቅ ሰው ነኝ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። ግን ቤት ነበረው። በዚህ እጄ ጭኜ አምጥቼዋለሁ፤ ምስክር ነኝ" አለ። ከዚያ እስከ መቃብሩ ክንዴን አልለቀቀም።

ሲራጅ ይባላል፣ የቡታጅራው ሲራጅ።