ከቅርጫቱ ሥር አራት ዓመት

እንዲጻፍልኝ የምፈልገው በደል ይኼ ነው። የልጅ ልጄን አራት ዓመት ሙሉ «ከቅርጫቱ ሥር ንቅንቅ እንዳትል» ብለው አቆሙት፤ ኮሌጁን ሲጨርስ ደግሞ «ከቅርጫቱ ሥር ከመቆም ሌላ ምን ታውቃለህ?» አሉት። ያቆሙትም የጠየቁትም የቅርጫት ኳስ እናውቃለን የሚሉ ሰዎች ናቸው። እኔ ትምህርት ያቆምኩት አራተኛ ክፍል ላይ ነው፤ በደልን ለማወቅ ግን አምስተኛ መድረስ አያስፈልግም።

የምንኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚባል ከተማ፣ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነው። መኝታ ቤቱ ሁለት ነው፤ በአንዱ ልጄና እኔ፣ በሌላው እሱ። እናቱ የነርስ ረዳት ናት፤ ደብል፣ በቀን ሁለት ፈረቃ ስለምትሠራ ልጁን ያሳደግሁት እኔ ነኝ ብል ውሸት አይሆንም። ቁመቱ ሁለት ሜትር ከአምስት ሳንቲም ነው። ከአሥራ አራት ዓመቱ ጀምሮ በየበሩ ጎንበስ ብሎ ነው የሚያልፈው። ሲተኛ እግሩን አልጋው ጫፍ ባስጠጋሁለት ወንበር ላይ ያሳርፋል። አሳንሰር ውስጥ የገባ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ያየውና «ባስኬት ትጫወታለህ?» ይለዋል። አዎ ሲላቸው ራሳቸው የወለዱት ይመስል ደስ ይላቸዋል።

የኮሌጁን ጨዋታ መጀመሪያ በቴሌቪዥን ሳይ፣ ከቅርጫቱ ፊት ለፊት ወለሉ ላይ ቀለም የተቀባ ሳጥን አየሁ። በኋላ ምን እንደሆነ ጠየቅሁት።

«ቤቴ ነው እማማ» አለኝ እየሳቀ። «እኔ እዚያ ነኝ። እጋፋለሁ፤ የሳቱትን ኳስ እለቅማለሁ፤ ጓደኞቼ እንዲወረውሩ እንደ ግድግዳ እቆማለሁ።»

«አንተስ መቼ ትወረውራለህ?»

«ከሩቅ መወርወር የአጫጭሮቹ ሥራ ነው።»

በሁለተኛ ዓመቱ አንድ ቀን ኳሷ እጁ ላይ ስትገባ ማንም አጠገቡ አልነበረም። ከሩቅ ወረወራት፤ ገባች። አዳራሹ ጮኸ፤ እኔም ሳሎን ውስጥ ብቻዬን እልል አልኩ። አሰልጣኙ ግን ወዲያው ጠርቶ አስወጣው፤ አግዳሚው ላይ አስቀመጠው፤ እስኪያልቅም አላስገባውም። አጥፍቶ የተቀጣ ልጅ ብዙ አይቻለሁ። አግብቶ የተቀጣ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ እስኪመረቅ ድረስ ከሩቅ አልወረወረም።

በኋላ የነገረኝ አንድ ሕግ አለ። የሚያጠቃው ቡድን ተጫዋች እዚያ ሳጥን ውስጥ ከሦስት ሰከንድ በላይ ከቆየ ዳኛው ፊሽካ ይነፋበታል። እኔ የገረመኝ ይኼ ነው፤ ለሦስት ሰከንድ ፊሽካ የሚነፋ አለ፤ ለአራት ዓመት የሚነፋ አልተገኘም።

ከተመረቀ በኋላ ትልልቆቹ ቡድኖች ተጫዋች ሲመርጡ ስሙ አልተጠራም። ሁለት ቦታ ሄዶ ተፈተነ። ሲመለስ «ምን አሉህ?» አልኩት።

«አጭር ነህ አሉኝ።»

ሳቄ መጣ። «ማን? አንተ?»

«ከቅርጫቱ ሥር ለመጫወት አጭር ነኝ እማማ። እነሱ ጋ ከእኔ የሚበልጡ አሉ። ከነሱ ካነስኩ ደግሞ ከሩቅ መወርወር፣ ፈጣኖቹን ልጆች ሮጦ መያዝ አለብኝ። አልችልም።»

ሳቄ ተቋረጠ። በየበሩ ጎንበስ የሚል ልጅ አጭር ተባለ፤ ያልተማረውንም አላወቀም ተባለ።

ከዚያ ዓመት ተኩል ጠበቀ። ቡድን የሚያፈላልግለት ኤጀንቱ በሳምንት አንዴ ቴክስት ያደርግለታል፤ «ዝግጁ ሁን» የምትል ብቻ ናት። ዝግጁ ሆነ። ሻንጣውን አሰናድቶ በሩ አጠገብ አቆመው፤ እኔ ጠዋት ጠዋት እደናቀፍበታለሁ። እዚሁ ቅርብ፣ ታኮማ ፓርክ፣ ልጆች የሚያሠለጥንበት ሥራ አግኝቶ ነበር፤ ድንገት ከተጠራሁ ብሎ ተወው። ስልኩን ሽንት ቤት ይዞ ይገባል። ቀስ በቀስ ደግሞ አሳንሰሩን ተወ። ሰባት ፎቅ በእግሩ ወጥቶ በእግሩ ይወርዳል። ለጉልበቱ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ጎረቤታችን «ያ ልጅ አሁን የት ይጫወታል?» ስትለኝ ነው የገባኝ። ያንን ጥያቄ ነው የሚሸሸው።

ለኮሌጁ አሰልጣኝ እየደወለ «እችላለሁ ወይስ አልችልም?» ይለዋል። መልሱ ሁልጊዜ «በርታ፣ መሥራትህን ቀጥል፣ በሩ አልተዘጋም» ነው። እንዲህ ያለ መልስ መልካም ይመስላል። ቤት ውስጥ አስሮ የሚያስቀምጥ ግን እሱ ነው። አትችልም ቢባል አልቅሶ ይነሳ ነበር።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ጉልበቱን አቅፏል። ከባሕር ማዶ፣ ስሙን እንኳ አጥርቼ መጥራት ከማልችለው ብርዳም አገር፣ አንድ ትንሽ ቡድን ና ብሎታል። እስከ አርብ መልስ ይፈልጋሉ።

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?»

«ኤጀንቱ እንዳትፈርም አለኝ። እዚያ ከሄድክ እዚህ ይረሱሃል፤ ትንሽ ጠብቅ አለኝ።»

«አንተስ ምን ትላለህ?»

በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር አጉረመረመ። «በአማርኛ ንገረኝ» አልኩት።

«አላውቅም! እውነቱን የሚነግረኝ ሰው የለም እማማ! ኮች እንደማልችል ቢነግረኝ ነገውኑ እሄዳለሁ። እንደምችል ቢነግረኝ ደግሞ እጠብቃለሁ። ሁለቱንም አይልም።»

በሩን ዘጋ። ሻንጣው እዚያው እንደቆመ ነው።

ሰኞ ሥራ ገባሁ። እኔ የምሠራው አሌክሳንድሪያ፣ ከአንድ ሆቴል ሥር ያለ ፓርኪንግ ውስጥ ነው፤ አንድ ወንበርና አንድ መስኮት ባላት ቡዝ። ሳጥን ውስጥ ተወስኖ መዋል ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ከመግቢያው በላይ በሰንሰለት የተንጠለጠለ ቢጫ ቱቦ አለ፤ የሚገባው መኪና ከፍታ ተጽፎበታል። ያን ቀን አንድ ረጅም ቫን መጥቶ ቱቦውን ገጨው። ሹፌሩ ወርዶ ቱቦውንም እኔንም ሰደበና ወደ ኋላ ተመለሰ። እኔ ግን አልተቀየምኩትም። ተሳድቦም ቢሆን፣ ጣሪያው ሥር ሳይቀረቀር ነው የተመለሰው። እዚያው ቡዟ ውስጥ ወደ አሰልጣኙ ሽማግሌ ለመላክ ወሰንኩ።

አንዱ በአሌክሳንድሪያ ስንቱን ባልና ሚስት ያስታረቁ አዛውንት ናቸው፤ ሁላችንም አባባ እንላቸዋለን። ሁለተኛው ምሳ ሰዓት ላይ እኛ ጋ የሚያቆም ባለ ታክሲ ነው፤ እንግሊዝኛው ጥሩ ነው።

«እትዬ፣ ለጋብቻ ነው ለጠብ?» አለኝ ባለ ታክሲው።

«ለመልስ ነው።»

«ኧረ ለመልስ ሽማግሌ ተልኮ አያውቅም!»

«እንግዲህ ይላካል።»

«ደግሞስ ባለጉዳይ ከሽማግሌ ጋር አይሄድም» አሉ አባባ።

«እኔ ካልሄድኩ ሁለታችሁም ምርቃት ተቀብላችሁ ትመለሳላችሁ» አልኳቸው። ሳቁ፤ እውነት ስለሆነ ተስማሙ።

ባለ ታክሲው ደውሎ ቤተሰብ ሊጠይቅዎት ይፈልጋል ብሎ ቀጠሮ ያዘ። ረቡዕ ዕለት ለልጁ ሳንነግረው ሄድን። አባባ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን ይዘው ታክሲው ውስጥ ከፊት ተቀመጡ።

የአሰልጣኙ ቢሮ ትንሽ ናት፤ ግድግዳው በዋንጫና በፎቶ ተሞልቷል። በአንዱ ፎቶ የልጅ ልጄ ከኋላ ቆሟል፤ ራሱ በፎቶው ጠርዝ ተቆርጧል። ሰውዬው በፈገግታ ተቀበለን፤ ሦስት ወንበር አሳየን። አልተቀመጥንም። ውኃ አስመጣ፤ ተቀበልን፤ አልተቀመጥንም። አባባን አይቶ ወገባቸውን የሚያማቸው መሰለው፤ ራሱ ሄዶ ትራስ ያለው ወንበር እየገፋ አመጣ። አባባ አመስግነው እንደቆሙ ቀሩ። ያኔ ፊቱ ቀላ።

«አስረዳው» አልኩት ባለ ታክሲውን።

«በአገራችን ሽማግሌ ለመጣበት ጉዳይ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም» አለው።

ሰውዬው ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። የተቀመጠው እሱ ብቻ መሆኑን ሲያይ ደግሞ ተነሣ። አራታችንም ቆመን ተፋጠጥን።

ባለ ታክሲው ጉዳዩን ነገረው። ሰውዬው ቶሎ ቶሎ ተናገረ፤ ሸጋ ልጅ ነው፣ ልበ ሙሉ ነው፣ ጠንክሮ ይሥራ፣ በሩ አልተዘጋም።

«ይኼንን በስልክም ብሎታል» አልኩ። «አሁን እኔ የምለውን ንገረው። እኔ ፓርኪንግ ነው የምሠራው። ፓርኪንጉ እንኳ የሚያስገባውን ቁመት በር ላይ ጽፎ ይሰቅላል፤ ማንም ገብቶ ጣሪያ ሥር እንዳይቀረቀር። አንተ ግን ቁመቱን እያወቅህ ልጁን አስገባኸው፤ ከቅርጫት ሥር ገተርከው፤ ከሩቅ ወርውሮ ሲያገባ ቀጣኸው። አሁን ሲቀረቀር በሩ አልተዘጋም ትለዋለህ። ለመግባት ሳይሆን ለመውጣት ነው በር የቸገረው። ወይ ይችላል በል፣ ወይ አይችልም በል።»

ባለ ታክሲው በእንግሊዝኛ ትንሽ ብሎ አቆመ።

«እኔ ያልኩት ብዙ ነው፤ አንተ ያልከው ሁለት ቃል ነው። ቀሪውን የት አደረስከው?»

«ትንሽ አለሰለስኩት እትዬ።»

«አታለስልስ! ቅቤ አይደለም።»

አባባ ከዘራቸውን አንዴ ወለሉ ላይ መቱ። ባለ ታክሲው እንደገና ጀመረ፤ አሁን ስለ ፓርኪንጉም፣ ስለ ቢጫው ቱቦም፣ ስለዚያች ከሩቅ ስለገባች ኳስም ሲነግረው በእጁ ስላሳየ ገባኝ። ኳሷ ላይ ሲደርስ ሰውዬው ዓይኑን ወደ ፎቶው መለሰ። አልረሳትም።

መቆማችን ረዘመ። የአባባ ጉልበት መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከዘራውም አብሮ። ይቀመጡ ልላቸው አፌን ከፈትኩ፤ በዓይናቸው ከለከሉኝ። ሰውዬው ያንን ጉልበት ያያል፤ ወንበሩን ያያል። በመጨረሻ ጠረጴዛውን ተደግፎ፣ ዝግ ባለ ድምፅ፣ እኔን እያየ ተናገረ። ባለ ታክሲው በዚህ ጊዜ ምንም አላለሰለሰም፤

«እዚህ አይጠሩትም። በሁለተኛ ዓመቱ አውቄው ነበር። እጁ ለመወርወር ጥሩ ነበር፤ ብተወው ምናልባት ይማረው ነበር። ከቅርጫቱ ሥር ሲቆም ግን እናሸንፍ ነበር፤ ስለዚህ አልተውኩትም። በኳስ ለመኖር ይችላል፤ ባሕር ማዶ ነው እንጂ እዚህ አይደለም፤ አርብ እንዳያልፈው። ዛሬውኑ ደውዬ ይኼንኑ ለራሱ እነግረዋለሁ። አሁን እባክዎ፣ አዛውንቱን ያስቀምጧቸው።»