ልብ ወለዴን ለመጨረስ ወደ ዘንገና

ሐሙስ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ ዳንግላ

መናኸሪያ ስደርስ ዳንግላ ገና ከእንቅልፏ አልነቃችም። ቦርሳዬ ውስጥ ሦስት መቶ ገጽ የሚጠጋ ረቂቅ፣ ሁለት እስክርቢቶና ባለቤቴ ትርንጎ የቋጠረችልኝ ቆሎ አለ።

እውነቱን ልናገር፤ አንድ ልብ ወለድ ስጽፍ ስምንት ዓመት ሞልቶኛል። መምህር ነኝ፤ የምጽፈው ከፈተና እርማት በተረፈችኝ ሰዓት ነው። ጎረቤቶቼ "ያ መጽሐፍ የት ደረሰ?" ማለቱን ከተዉ ቆይተዋል። ታሪኩ ይሁኔ ስለሚባል ጎረምሳ ነው። ባሏ በሞተባት እናቱ ጓሮ ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዘር ዛፍ ተክሎ ከተማ ይገባል፤ ከአስራ አምስት ዓመት በኋላ ይመለሳል። እስከ መመለሱ ድረስ ያለው አላስቸገረኝም። መጨረሻው ግን እምቢ አለኝ። አስራ አንድ ጊዜ ጽፌዋለሁ። በአስራ አንዱም ይሁኔ ድሮ የተከለው ዛፍ ሥር ተቀምጦ ያለቅሳል። እሱ ሲያለቅስ እኔ አዛጋለሁ።

ትናንት ለትርንጎ ቁርጡን ነገርኳት። ታሪኩን ያኖርኩበትን የዘንገናን አገር ቀርቤ በዓይኔ አይቼ፣ ማለቂያው አሁንም ካልመጣልኝ እተወዋለሁ።

"ተወው፤ ግን አይተህ ተወው" አለችኝ።

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል፣ አዲስ ቅዳም

ሚኒባሱ ጢም ብሏል። እኔ ከሾፌሩ ጎን ነኝ፤ ረቂቁን ጭኔ ላይ ዘርግቻለሁ።

"መምህር፣ ይህ ሁሉ ፈተና ነው?"

"ድርሰት ነው።"

"ፍቅር አለበት?"

"የእናትና የልጅ ፍቅር አለበት።"

"እሱማ ያስለቅሳል" አለና ሬዲዮኑን ከፍ አደረገው። በልቤ፣ እስቲ ያስለቅስ አልኩ።

መንገዱ ግራና ቀኙ ዲከረንስ ነው፤ ቀጥ ቀጥ ያለ፣ የተጠጋጋ። ከመሐሉ እዚህም እዚያም ጭስ ይወጣል። አስፋልቱ ዳር በማዳበሪያ ከረጢት የታጨቀ ከሰል አፉን በሣር ተወትፎ በረድፍ ቆሟል፤ አንድ አይሱዙ እየጫነ ነው። በዚህ መንገድ ስንቴ እንደተመላለስኩ ቤት ይቁጠረው።

ረፋድ 3 ሰዓት፣ እንጅባራ

ብርዱ አጥንት ይገባል። ጭጋጉ የፈረስ ጋሪዎቹን ውጦ መልሶ ያወጣቸዋል። አንዲት ሴት ትኩስ የተቀቀለ ድንች ከሚጥሚጣ ጋር ትሸጣለች፤ ሁለት በላሁ፣ ሁለት ደግሞ ለእጄ ማሞቂያ ኪሴ ከተትኩ። የባጃጁ ሰውዬ እስከ ዘንገና ሦስት መቶ ብር ጠራ፤ ተከራክረን በሁለት መቶ ተስማማን።

5 ሰዓት፣ ዘንገና

ሐይቁ ከላይ ሲያዩት ክብ ነው፤ ዙሪያውን ደን ከቦታል፤ ውሃው ዝም ያለ ነው። የሥራ ባልደረባዬ አባት አያ ታከለ ከሐይቁ ፈንጠር ብለው ነው የሚኖሩት። ከባለቤታቸው ከእማማ ብርቄ ጋር ደጅ አግዳሚው ላይ አስቀመጡኝ፤ አሬራ ቀረበ። ልጃቸው አስቀድሞ ስለነገራቸው የመጣሁበትን ያውቃሉ።

"እስቲ አንብብልን" አሉኝ።

የመጨረሻውን ምዕራፍ አነበብኩ። አያ ታከለ ለእማማ ብርቄ አልፎ አልፎ በአውንጊ ቋንቋ ይነግሯቸዋል። ስጨርስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ልጁ የተከለው ዲከረንስ ነው ያልከኝ?"

"አዎ፣ አያ።"

"አስራ አምስት ዓመት ቆሞ ጠበቀው?"

"ጠበቀው።"

"ታዲያ እናቱ ምን በልታ ኖረች?"

ረቂቁን አገላበጥኩ። አያ ታከለ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ወደ ጓሯቸው ጠቆሙኝ። ዲከረንስን ማንም አስራ አምስት ዓመት አያቆመውም አሉ። በመጀመሪያው ዓመት ችግኙ መሐል ጤፍ ይዘራል። በአራት በአምስት ዓመቱ ይቆረጣል፤ እንጨቱ ተከምሮ በሣርና በአፈር ይከደናል፤ ቀስ ብሎ ይከስላል። ከዚያ መሬቱ ላይ ጤፍም ችግኝም እንደገና።

"የኛ ዛፍ ለጥላ አይደለም፣ መምህር። ለቤት ቀለብ ነው።"

አፈርኩ። ጎንደር ከተማ ተወልጄ ባድግም ዳንግላ ከገባሁ ብዙ ዘመኔ ነው። በየሳምንቱ ከሰል እየገዛሁ፣ ከሰሉን እየሞቅሁ፣ ዛፉን አስራ አምስት ዓመት ገትሬ ምስኪኗን እናት በረሃብ ጨርሻታለሁ። ከኀፍረቱ ሥር ግን ሌላ ነገር ሲነቃነቅ ተሰማኝ። እስክርቢቶዬን ይዤ ጓሮ ገባሁና ግንድ ላይ ተቀመጥኩ።

8 ሰዓት፣ እዚያው

አምስት ገጽ። እጄ ከሐሳቤ እኩል መሮጥ አቅቶት ነበር። ተመልሼ አነበብኩላቸው።

ይሁኔ ጓሮ ይዞራል፤ ዛፉ የለም። ያለው ጉልበት የማይደርስ ችግኝና መሐሉ የበቀለ ጤፍ ነው። "ዛፌስ?" ይላታል እናቱን። "በላሁት፣ ልጄ" ትለዋለች። "ሦስት ጊዜ ቆርጬ፣ ሦስት ጊዜ ተከልኩት። ይኸው ቆርቆሮው፣ ይኸው ነጠላዬ። ሳትኖር ያኖርከኝ አንተ ነህ።"

እማማ ብርቄ በአውንጊ ረዘም አድርገው ተናገሩ። አያ ታከለ ወደ እኔ ዞሩ።

"ሴት ብቻዋን እንጨት ከምራ አታከስልም፤ ማን አገዛት? ትላለች።"

እማማ ብርቄ መልሴን ይጠብቃሉ፤ የአንዲት የሚያውቋትን ሴት ነገር እንደሚጠይቅ ሰው ተጨንቀዋል። ስምንት ዓመት የለፋሁት ለዚህች ጥያቄ እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

"ጎረቤቶቿ በወንፈል" አልኳቸው።

ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። እዚያው ቁጭ ብዬ ለይሁኔ እናት ሦስት ጎረቤት ጻፍኩላት።

11 ሰዓት ተኩል፣ ዳንግላ

ትርንጎ በሩን ከፍታ ፊቴን አየች። ገጾቹን ሰጠኋት። ደጃፉ ላይ እንደቆመች ማንበብ ጀመረች፤ ሁለተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። የመጨረሻውን ገጽ ገለበጠችው፤ ጀርባው ባዶ ነው። ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

"ከዚህ ወዲያ የለውም?"

"የለውም" አልኩ። "አለቀ።"

ስምንት ዓመት ሙሉ ይህን ቃል ስለዚህ መጽሐፍ ተናግሬው አላውቅም ነበር። ጎረቤት ሁሉ እስኪሰማ ደግሜ አልኩት።