ቀለሁ ይመለስ

ትናንት ከቀትር በኋላ፣ ደብረ ብርሃን ቤቴ በር ላይ ገብስ ስለቅም፣ ድንጋይ ናስ ሲመታ ሰማሁ። ሄጄ ሳይ ወታደሩ የበኩር ልጄ ቁጢጥ ብሎ የተተኮሰ የጥይት ቀለህ በጠጠር ያቃናል። ባሩድ ሞልቶ ለጓደኛው ሠርግ ሊተኩሰው ነው። ተው ስለው ሳቀብኝ።

«እማዬ፣ ይህችን የምታህል ስርጉዳት ምን ታደርጋለች? እሳቱ ራሱ ያቃናታል» አለኝ።

ይህን ቃል ከዚህ በፊት ሰምቼዋለሁ። የሰማሁትም አንኮበር ነው፤ ይኸው ልጅ ገና ጀርባዬ ላይ ታዝሎ ሳለ። አባቴ ቄስ ነበሩና ፊደል አስቆጥረውኛል፤ ዳዊት ሳልጨርስ ግን ተዳርሁ። አጻጻፌ ቢንጋደድ አንባቢ ይታገሠኝ። ነገሩ ከዓይኔ አልጠፋም።

የልጄ አባት የግምጃ ቤት ወታደር ነበሩ። በዚያ ዘመን ጥይት ከባሕር ማዶ መጥቶ፣ በግመል አልዩ አምባ ደርሶ፣ ያንን የአንኮበር ዳገት በበቅሎ ነበር የሚወጣው። ስለዚህ የተተኮሰ ቀለህ አይጣልም፤ ተለቅሞ፣ ተቃንቶ፣ ባሩድና እርሳስ ተሞልቶ እንደገና ይታደላል። ደንቡ «ቀለሁ ይመለስ» ነው። ወታደር ለበዓል የተሰጠውን ተኩሶ ባዶውን ይመልሳል። ሙሉውን የመለሰ ፈሪ ይባላል፣ ይዘፈንበታል። እግር የረገጠው፣ የበቅሎ ኮቴ ያረፈበት ሁሉ ይሞላል። ደህና ደህናው ለግምጃ ቤቱ ሹም ዘመዶች፣ ጭርምትምቱ ለእኛ ሰዎች።

የጥምቀት ዋዜማ ባለቤቴ ዝናራቸውን ዘርግተው ሲያዩ አጠገባቸው ተቀመጥሁ። ገሚሱ ጥይት ጎኑ ሰርጎድ ያለ፣ ገሚሱ አፉ የተጨማደደ ነው። ጠመንጃው ውስጥ አልገባ ያለውን ቅቤ ቀብተው ይገፉታል፤ የልጄን አናት የምቀባበትን ቅቤ። ይህ ነገር አያስፈራም ወይ ብዬ ጠየቅሁ። አብሯቸው የተቀመጠው ጓደኛቸው ወልዴ በሳቅ ፍርስ አለ።

«እሳቱ ያቃናዋል። ይልቅ አንቺ ወጥሽን ተመልከቺ፤ የሚያርረው እሱ ነው።»

ባለቤቴም ሳቁ። እኔም ተነሥቼ ወጤን አማሰልሁ።

እውነት ለመናገር ወልዴ ጨርሶ አልዋሸም። ጎኗ ጥቂት የሰረጎደች ጥይት ብዙ ጊዜ ትተኮሳለች፤ ቀለሁም ቀንቶ ይወጣል። ሰውን የሚያታልለው ይኸው ነው። ናሱ ሲመታ ሲቃና፣ ሲመታ ሲቃና ይሳሳል፤ ስርጉዱ ጫፍ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ትወጣለች። ያቺን ማን ያያታል?

በማግስቱ ታቦቱ ሲመለስ ፀሐይ ወጥታም ብርዱ አለቅም ብሎ ነበር። እኛ ሴቶቹ እልል እንላለን፤ ወታደሮቹ ተራ በተራ ይተኩሳሉ። የወልዴ ጥይት አልገባ አለች። በመዳፉ መታት፣ ገባች። ሲተኩስ እሳቱ ወደ ኋላ ወጣ። ሁለት ጣቱ ሄደ፣ ጉንጩ ተለበለበ።

ሹሙ፣ ዛሬም አንቱ ልለው አፌ እሺ አይለኝም፣ ቀስ ብሎ መጣ። ወድቆ የሚቃትተውን ሰው ተሻግሮ አለፈና «ቀለሁ የታለ?» አለ። ቀጥሎም ጥፋቱ የራሱ የወልዴ ነው፣ እጁ ተንቀጥቅጦ ነው ብሎ ለሰው ተናገረ። የዚያ ሁሉ ዘመቻ ወታደር እጅ ተንቀጠቀጠ ተባለ።

ተራው የባለቤቴ ነበር። ፊታቸው አመድ መስሏል፤ ግን ሰው ሁሉ ያያቸዋልና ጥይቷን ቅቤ መቀባት ጀመሩ። እኔ ልጄን እንዳዘልሁ በወንዶቹ መካከል ገብቼ አፈሙዙ ፊት ቆምሁ።

«ይተኩሱ እንግዲህ» አልኋቸው፤ «በእኔና በልጅዎ በኩል።»

ሹሙ «ይህችን ሴት ማን ፈታት?» ሲል ሰዉ ሳቀ። ባለቤቴ ጠመንጃውን ከነዝናሩ ሹሙ እግር ሥር አስቀመጡ። ፈሪ ተባሉ። ያን ዕለት ተነሥተን ወደ አክስቴ ቤት፣ ወደ ደብረ ብርሃን መንገድ ጀመርን።

ሜዳው ላይ ነፋሱ ፊት ይቆርጣል። በሶ በጥብጠን ስንጠጣ እንኳ ባለቤቴ ጀርባቸውን ሰጡኝ፤ በሰው ፊት አዋርጃቸዋለሁ። ኋላ ከመቀነታቸው እጥፋት አንዲት የቀረች ጥይት አገኙ። በጣታቸው ጫን ቢሏት በስርጉዷ በኩል ተከፈተችና ባሩዱ መዳፋቸው ላይ ፈሰሰ። ብዙ አዩት። ከዚያ ለነፋሱ ለቀቁትና ልጁን ከጀርባዬ ተቀብለው አዘሉት። ወንድ ልጅ ሲያዝል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ ትናንት ለልጄ ነገርሁት። ናስ ቢሰረጎድ ምን ይደንቃል? እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ፣ መሰርጎዱን አይቶ ለሰው ልጅ የሚያድለው፣ ሰው ሲጎዳም ቀለሁን የሚፈልገው ሹም ነው። ልጄ አጉረመረመ፤ ታዲያ ለሠርጉ በምን ልተኩስ አለኝ። እልልታ ይበቃል አልሁት።

ዛሬ ጠዋት ቀለሁን ይዤ አንጥረኛው ዘንድ ሄድሁና ዓይኔ እያየ አስቀለጥሁት። አሁን ቤቴ ገብቼ ተቀምጫለሁ። ልጄም አጠገቤ ምሳውን ይበላል። ደህና ነን።