እሺ ያለኝ ቀን

ባሌ ሮብ ገበያ በምትባለው ከተማ ወፍጮ ቤት ነበረው። እኔ እዚያው ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ሞተሩ ሲነሳ ጩኸቱ እስከ ቤታችን ይሰማል፤ ባሌ ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ አጠገቡ ቆሞ ይውላል። ቅንድቡ ላይ ዱቄት ተነስንሶበት ሲገባ «ሽማግሌው መጣ» እለዋለሁ፤ እሱም መልስ አያጣም ነበር።

በኋላ መልስ መስጠቱን ተወ። ከጀርባው ሳናግረው ዝም ይላል። ስደግምለት «እሺ» ይላል፤ እሺ ያለውን ግን አያደርገውም። ጨው ይዘህ ና ያልኩት ሰው ባዶ እጁን ይገባል። ድምፁም ከፍ እያለ ሄደ። ውሃ ስጪኝ ሲል እንኳ የተቆጣ ስለሚመስል ጎረቤቶቼ «ምነው፣ ዛሬም ተጣላችሁ?» ይሉኛል። ንቆኛል አልኩ። እኔም ወሬ ማብዛቱን ተውኩ።

አንድ ጠዋት ወንድሜ ከትውልድ አገራችን ከቁይ ደውሎ እናታችን ሕመሙ ጠንቶባታል አለኝ። ባሌ ጓሮ ጎንበስ ብሎ ፊቱን ይታጠባል። በሩ ላይ ሆኜ ልብሴን እየሸከፍኩ፣

«ቁይ መሄዴ ነው። እናቴ ታማለች፤ የምትተርፍም አይመስለኝም። ወፍጮውን ዘግተህ ተከተለኝ» አልኩት።

ቀና ሳይል «እሺ» አለኝ።

እናቴ በማግስቱ አረፈች። ብንደውልለት ብንደውልለት ስልኩን አያነሳም። ሰው «ባልሽስ?» ሲለኝ «መንገድ ላይ ነው» እያልኩ ቀበርኳት። ባሌ የመጣው ለሠልስቱ ነው፤ ያውም አንድ የአገሬ ሰው ገበያ ላይ አግኝቶት መርዶውን ነግሮት። ድንኳኑ ውስጥ፣ ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ፣ ጮክ ብሎ «ለምን አልነገርሽኝም?» አለኝ።

«ነግሬህ እሺ ብለኸኛል።»

«ቁይ መሄዴ ነው አልሽ እንጂ ሌላ ምን አልሽኝ?»

በእናቴ ለቅሶ ላይ ውሸታም ሆንኩ። ከዚያ በኋላ ምሳውን አቀርባለሁ፣ ይበላል፣ ይወጣል። በልቤ ተለይቼው ነበር።

ወሬው የደረሳቸው የንስሐ አባታችን አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጡ። ጉንፋን ይዟቸው ስለነበር አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ከሚስትህ ጋር ከተኳረፋችሁ ስንት ጊዜ ሆናችሁ?» አሉት።

ባሌ ትንሽ አሰበና፣ «ገብሱ ዘንድሮ ደህና ነው፤ ድንቹን ግን ውርጭ መታው፣ አባቴ» አለ።

በቄሱም ሊቀልድ ነው ብዬ ደሜ ፈላ። እሳቸው ግን አልተቆጡም። ነጠላቸውን ከአፋቸው አውርደው ያንኑ ጥያቄ ቀስ ብለው ደገሙለት። አሁን በትክክል መለሰ። መልሰው ተሸፍነው ሌላ ነገር ጠየቁት፤ ዝም ብሎ አያቸው። ያን ጊዜ ወደ እኔ ዞሩ።

«ይህ ሰው አልናቀሽም፣ ልጄ። አይሰማም።»

ባሌ ከንፈራቸውን ሲያይ ነበርና ገባው። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«አንቺ አስተማሪ ነሽ» አለኝ፤ «ደንቆሮ ነው ያገባችው እንዲሉሽ አልፈለግኩም።»

ደብረ ማርቆስ ወስጄ ለሐኪም አሳየሁት። ሐኪሙ የጠፋው የመስማት ችሎታ እንደማይመለስ ነገረንና የቀረውን ለማትረፍ ከሞተሩ እንዲርቅ አዘዘው። ወፍጮውን ሸጠ።

የንስሐ አባታችን አንድ ነገር አስለምደውን ነበር፦ እያየኝ ካልሆነ እንዳልናገር፣ እሱም ከመመለሱ በፊት ያልኩትን እንዲደግምልኝ። የልጅ ጨዋታ መስሎኝ ነበር። መጀመሪያ በዚህ መንገድ ያወራነው ስለ እናቴ ነው። መስኮቱ አጠገብ ፊት ለፊት ተቀምጠን፣ ለብዙ ጊዜ ያፈንኩትን ነገርኩት። ከንፈሬን እያየ፣

«እናቴን ስቀብር አጠገቤ አልነበርክም፣ ነው ያልሽኝ» አለ።

የራሴን ቃል ከእሱ አፍ ስሰማው አለቀስኩ። እሱም፣ «እኔም አልቀበርኳት። ልጄ ትለኝ ነበር» አለኝና አብሮኝ አለቀሰ። የሁለታችንም ሐዘን መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

አልተለያየንም። ትዳራችን ሙሉ በሙሉ ዳነ ግን አልልም። ሥራ እየሠሩ የሚወረወረው ቀላል ወሬ፣ ሲወጣ ከኋላው የምለው «እግዜር ይከተልህ»፣ እነዚህ ሁሉ ቀርተውብናል። ስንጣላም ፊቱን ወደ ግድግዳ ካዞረ አበቃ፤ የምለው አይደርሰውም። መጀመሪያ ትከሻውን ይዤ አዞረው ነበር፤ ግን ይብስበት ነበር። አሁን ትቼው ሥራዬን እቀጥላለሁ። አንዳንዴ ሲመሽ፣ አንዳንዴም በማግስቱ፣ በርጩማውን ስቦ ፊት ለፊቴ ይቀመጥና «በይ ንገሪኝ» ይለኛል። እኔም ከቁጣዬ የተረፈውን እነግረዋለሁ።